በምስማር ላይ የዋለ ነጠላ

«መስታወቱ ቆሻሻ ነው» አለ መምህር እንድሪያስ፣ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ። «እናንተ ሆስፒታል ዕቃ አይታጠብም እንዴ?»

«እኔ ያመጣሁት አክታውን ነው» አለች ዶክተር የሺመቤት። «መስታወቱ የናንተው የኢንስቲትዩቱ ነው።»

የጽዳት ሠራተኛዋ አገኘሽ በሩ ሥር መወልወያዋን እንዳቀፈች ቆማለች። መስታወቶቹን ጠዋት አጥባ ያደረቀቻቸው እሷ ናት።

ማሽኑ ትናንት ነው ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ የገባው። ተማሪ ይማርበት፣ መምህር ይመራመርበት፣ ሆስፒታሉም የሳንባ ሕመምተኛ ይመርምርበት ተብሎ ለሁለቱ በጋራ የተሰጠ ነው። ይዘውት የመጡት አቶ ወልደሥላሴ ግን ፊታቸውን ሳቅ የሚባል ነገር ጎብኝቶት አያውቅም። እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ናሙና በትክክል ካላሳያችሁኝ፣ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ከተማ እወስደዋለሁ ብለው ቁርጡን ነግረዋቸዋል።

መስኮቱ በቡልኮ ተሸፍኖ ክፍሉ ጨልሟል። የቲቢው ተህዋስ ቀለም ተቀብቶ ወይን ጠጅ መብራቱ ሲያርፍበት እንደ ቢጫ ፍም ያበራል ተብሎ ነበር። የታየው ግን ሰማያዊ ገመድ በሰማያዊ ገመድ ላይ ነው። ሦስት መስታወት ቀየሩ፤ ሦስቱም ያው። አቶ ወልደሥላሴ ሰዓታቸውን አይተው ሾፌራቸውን ሊጠሩ ወጡ። ሁለቱም እየተካሰሱ ተከተሏቸው።

አገኘሽ ብቻዋን ቀረች። እንዳትነኪ ያላት ብዙ ነው፤ እንዳታዪ ያላት ግን የለም። ጎንበስ አለች።

«እግዚኦ» አለች በሹክሹክታ።

ገመዱ እየተጠማዘዘ በጨለማ ውስጥ ይነድዳል፤ ይነድዳል ግን አያልቅም። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሌሊት ከምታያቸው ከዋክብት ሁሉ ይደምቃል። ቀና ልትል ስትል የነጠላዋ ጫፍ ሸርተት ብሎ መብራቱ ሥር ገባ። ቦግ አለ። ያው ሰማያዊ!

ለማሽኑ ክብር ብላ ነጠላዋን በዱቄት ሳሙና ሁለት ጊዜ አጥባዋለች። መስታወቶቹንም ከሻካራ ጨርቅ ይሻላል ብላ በዚሁ ጫፍ አንድ በአንድ ወልውላቸዋለች። እናቷ ኦቾሎ መንደር የፈተለችው ፈትል ይህን ሁሉ ብርሃን ይዞ ትከሻዋ ላይ ሲውል፣ እሷ ብርድ ይከላከልልኛል ብላ ብቻ ለብሳዋለች።

ውጭ የአይሱዙው ሞተር ተነሳ።

ቋሚ ሠራተኛ ልትሆን ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ዝም ካለች ማንም አያውቅባትም፤ ማሽኑ ይሄዳል፣ እሷ ትቀራለች። ጎንበስ ብላ ገመዱን ደግማ አየች። ከዚያ በሩን ከፈተች።

«ጋሼ እንድሪያስ፣ ኑ እስቲ። ቆሻሻው የኔ ነው።»

ሦስቱም ተመልሰው ገቡ። የነጠላዋን ጫፍ መብራቱ ሥር ስታስገባው እንደገና ሰማያዊ ቦግ አለ።

«በምን አጠብሽው?» አሉ አቶ ወልደሥላሴ።

«በዱቄት ሳሙና ጌታዬ። መስታወቶቹንም በሱ ነው የወለወልኳቸው።»

«ሳሙናው ልብስ የሚያነጣ ነገር አለበት» አለ እንድሪያስ ቀስ ብሎ። «የሚያበራው እሱ ነው። ለካ ስንጣላበት የነበረው የነጠላ ብናኝ ኖሯል።»

አቶ ወልደሥላሴ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። «ያልተነካ መስታወት አለ?»

«አንድ ሳጥን ሙሉ» አለ እንድሪያስ።

አቶ ወልደሥላሴ በሩ ላይ ሆነው ሾፌሩ ሞተሩን እንዲያጠፋ ነገሩት።

አገኘሽ ወንድ ባለበት ያለ ነጠላ ቆማ አታውቅም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ከበሩ ውጭ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ እንደ በረዶ የነጣውን የሐኪሟን ልብስ ከላይ እስከ ታች አየችና እጇን ዘረጋች።

«ዶክተር፣ ጋውንዎን ይስጡኝ። ምስማሩ ለሁለት ይበቃል።»