ነቅለው ይስኩት

ወርቅአገኘሁ ወንድሙን ተሸክሞ ሲገባ የክሊኒኩን ራውተር አሮጌ ሶፍትዌር አጥፍቼ አዲሱን እየገለበጥኩበት ነበር። ወንድሙ ካሳሁን ሆዱን በጥይት ተመትቷል። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል፤ የስልክ ኔትወርክ ከጠፋ ወር አልፎታል፤ ከውጭ የሚያገናኘን በዚህ ራውተር የሚያልፈው የሳተላይት ኢንተርኔት ብቻ ነው።

ነርሷ ሥርጉት ቁስሉን ተጫነችው። «የደብረ ብርሃኑ ቀዶ ሐኪም በቪዲዮ ከመራኝ ደሙን አቆመዋለሁ» አለች።

ወርቅአገኘሁ የጠመንጃውን አፈሙዝ ግንባሬ ላይ ደገነ። «አገናኛት።»

«ሰባት ደቂቃ ይታገሱኝ፣ ጋሼ። ሶፍትዌሩ ተገልብጦ አላለቀም።»

«እዚህ ዘበኛ ሳለሁ፣ በተበላሸ ቁጥር ስደውልልህ ምን ነበር የምትለኝ? ነቅለው ይስኩት አይደል?»

«ዛሬ አይንኩት።»

ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ ሰካው።

ራውተር ሲነሳ መጀመሪያ ራሱን ይፈትሻል። ከዚያ ትንሽ ማስነሻ ፕሮግራም ትነቃና ዋናውን ሶፍትዌር ከማከማቻው ትፈልጋለች። በላፕቶፔ ተከታተልኩ። ፍተሻው አለፈ። ማስነሻዋ ፈለገች፤ ያገኘችው ግማሽ ፋይል ነው። እዚያው ቆመች።

«ምን ሆነ?»

«ሙሉውን ከላፕቶፔ በገመድ ልስጠው። ዘጠኝ ደቂቃ።»

ግራ እጄን በሰደፍ ጠረጴዛው ላይ ደቆሰው። ጣቶቼ ሲሰበሩ ሰማሁ። በቀኜ ትእዛዙን ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ ነጥቦች አንድ በአንድ ተደረደሩ።

አምስተኛው ደቂቃ ላይ ካሳሁን ጮኸ። ደሙ ከአልጋው ወደ ሲሚንቶው ይወርዳል።

«ይሄ እያሾፈብኝ ነው» አለ ወርቅአገኘሁ፤ እንደገና ነቀለው።

«አሁን ከዜሮ ነው፣ ጋሼ።»

አፌን መታኝ። ጥርሴን ተፋሁና እንደገና ጀመርኩ።

ሦስተኛ ጊዜ ወደ ሶኬቱ ሲራመድ ሥርጉት ጠራችው። «ጋሽ ወርቄ፣ ጠመንጃውን ያስቀምጡ። ሁለቱንም እጅዎን እዚህ። ይጫኑ፤ ከለቀቁት ይሞታል።»

ጠመንጃውን ጣለና ተጫነ።

ዘጠኝ ደቂቃ ማንም ሶኬቱን አልነካም። ነጥቦቹ ሞሉ። ሶፍትዌሩ ተነሳ፤ የተቀመጡለትን ቅንብሮች አነበበ፤ አረንጓዴው መብራት በራ። ደወልኩ፤ የሐኪሙ ፊት ላፕቶፔ ስክሪን ላይ መጣ።

«በሽተኛው የታለ? ካሜራውን አዙሩልኝ።»

ሥርጉት የካሳሁንን አንገት ዳሰሰች፤ ዐይኑን ገልጣ አየች። ከዚያ ካሜራውን ወደ ተሰበረው እጄ አዞረችው።

«ወዲህ ነው እንጂ» አለ ወርቅአገኘሁ። እጁን አላነሳም፤ እየተጫነ ነበር።