የላይኛው ብሎን

"ተንቀሳቀሰ! በለው፣ ተንቀሳቀሰ!" ጡሩምባው የሚሉት የቫኑ ባለቤት አጨበጨበ።

መካኒኳ ግን ድምፁን አልወደደችውም። ዝገት ሲለቅ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ብሎ ነው የሚለቀው። ከመኪናው ሥር የመጣው ግን ሲጢጥ የሚል፣ ጥርስ የሚያስነክስ ጩኸት ነበር፤ ብረት ከአቅሙ በላይ ሲጠመዘዝ የሚያሰማው ዓይነት።

"አባዬ፣ ትንሽ እረፍ እስቲ" አለች ጎንበስ ብላ።

"አሁን ምን እረፍት ያስፈልጋል? እጅ ሊሰጥ ነው እኮ" አለ አባቷ። ከቫኑ ሥር እግሮቹ ብቻ ይታያሉ፤ መፍቻውን በሳበ ቁጥር ተረከዙ ሲሚንቶውን ይፍቃል።

ከጠዋት ጀምሮ የቫኑን ሞተር አውርደው ሌላ ለመግጠም እየታገሉ ነው። አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተይዟል፤ የሚተካው በሩ አጠገብ በእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጧል። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ያያዙት ብሎኖች አንድ ሲቀር ሁሉም ተፈተዋል። የቀረው የላይኛው ነው፤ ዓይን የማያየው፣ እጅ ብቻ ዳብሶ የሚደርስበት። እሱ ከተቆረጠ፣ ወይም የሚገባበትን የካምቢዮውን ጆሮ ከሰነጠቀ፣ የዋሉበት ሥራ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ቫኑ የተማሪዎች ማመላለሻ ነው። ባለቤቱን ጡሩምባው ያሉት ክላክስ ስለሚያበዛ ብቻ አይደለም፤ በሹክሹክታ ሲያወራም ሰፈር ይሰማዋል። ከአባቷ ጋር አብሮ አደግ ናቸው። የጡሩምባው ስልክ ጠራ።

"አቤት የኔ እመቤት! ነገ ጠዋት በርዎ ላይ ነኝ። ሞተሩ? ሞተሩማ እንደ ሙሽራ እየተኳለ ነው!" ስልኩን ዘግቶ ወደ መካኒኳ ዞረ። ፊቱ ላይ ሳቁ የለም። "ነገ ካልመጣህ ሌላ መኪና እንይዛለን ነው የሚሉት፣ ወላጆቹ ሁሉም። ይደርሳል አይደል፣ ልጄ?"

"እናያለን ጋሼ።"

የእጅ ባትሪ ይዛ ከአባቷ ጎን በጀርባዋ ገባች። አባቷ መፍቻው ጫፍ ላይ ቧንቧ ሰክቶ፣ ላቡ ወደ ጆሮው እየወረደ፣ ወደ ራሱ ይስባል። እጁን ተከትላ አየች። የዛገ ብሎን አንዳንዴ ትንሽ ጠበቅ ይደረግና ነው የሚፈታው፤ ወዲያና ወዲህ እያሉ ያባብሉታል። ይህን ያስተማራት ራሱ ነው። ስለዚህ ወደሚፈታበት መልሶ እስኪገፋ ጠበቀች። አልገፋም። ደግሞ ሳበ። ደግሞ ሳበ። ብሎኑ ሲጢጥ አለ።

አባቷ እየፈታ አይደለም። እያጠበቀ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ነው? ወይስ አሁን ነው የተምታታበት? ልትናገር አፏን ስትከፍት የጡሩምባውን ጫማ ከጎማው አጠገብ አየች። ተንሸራታ ወጣች።

"ጋሼ፣ ላስቸግርዎት። የራዲያተሩ ቱቦ ማሰሪያ ተበልቷል፤ ከመለዋወጫ ሱቁ ይዘውልኝ ይምጡ።"

"አሁን?"

"በኋላ ይዘጋብናል።"

እያጉረመረመ ሄደ። መደርደሪያው ላይ ማሰሪያ በጣሳ ሙሉ ነበር።

ተመልሳ ገባችና መፍቻውን ያዘችበት። "አባዬ፣ ተው። በዚያ በኩል ነው።"

"ምኑ?"

"የሚፈታው። እያጠበቅከው ነው።"

"እኔ? አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ብሎን የፈታሁ ሰውዬ..." አልጨረሰውም። ቀኝ እጁን አነሳና የሌለ መፍቻ ይዞ አየር ላይ ወዲህ አዞረ። ወዲያ አዞረ። እንደገና ወዲህ። ግራና ቀኙን ገና ያልለየ ሕፃን ይመስል ነበር። ከዚያ እጁ ደረቱ ላይ ወደቀ።

"ቆረጥኩት እንዴ?" አለ።

"አልተቆረጠም። አሁን ውጣና እኔ ልሞክረው። አንተ መብራት ያዝልኝ።"

የነዳጁ ቱቦ ቅርብ ስለሆነ ብሎኑን በእሳት ማሞቅ አይቻልም። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጨች፣ ጠበቀች፣ በትንሿ መዶሻ ቀስ እያለች መታች፣ ደግሞ ረጨች። አባቷ የያዘው መብራት ቀስ በቀስ ከእጇ ይሸሻል። "አባዬ፣ ወደ ላይ" ስትለው ይመለሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይሸሻል።

ቧንቧውን ነቅላ ጣለችው። ብሎኑ ምን እያሰበ እንደሆነ መዳፏ እንዲሰማው ፈለገች። ገፋች። እምቢ አለ። ትንፋሿን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና እንደገና ገፋች።

ቀጭ አለ።

ከዚያ በኋላ በጣት ይዞር ነበር። ብሎኑን ይዛ ስትወጣ አባቷ ተደራርበው በተቀመጡት ጎማዎች ላይ ተቀምጧል። ብሎኑን አላየውም።

"በቀደም ደግሞ" አለ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ወደ ቤት እየነዳሁ ስሄድ መንገዱ ጠፋኝ። የራሴ ሰፈር። ዳር ይዤ አቆምኩና እስኪመለስልኝ ጠበቅኩ።"

"ጎማ ፈነዳብኝ ያልከን ዕለት?"

"ጎማውማ ምንም አልሆነ።" ቀና ብሎ አያት። "እናትሽ እንዳትሰማ።"

"እኔ አልነግራትም። አንተ ትነግራታለህ።"

"ከዚያ ከመኪና ታወርዱኛላችሁ፣ ከጋራዡ ታስወጡኛላችሁ..."

"አባዬ፣ ያን የሚያህል ሞተር ተንጠልጥሎ አንተ ከሥሩ ነበርክ!" አለች ብሎኑን ጨብጣ። "ከሥሩ ነበርክ እኮ። ስትነግራት አጠገብህ እሆናለሁ፤ ሌላ የምሰማህ ነገር የለም።"

የጡሩምባው ድምፅ በበሩ ቀድሞ ገባ፤ እሱ ተከተለ።

"ማሰሪያው መጣ! ወጣ እንዴ? ተመስገን! ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያስቸገረው?"

"ዝገት ነው ጋሼ" አለች ቶሎ ብላ።

"ዝገት አይደለም።" አባቷ ተነስቶ እጁን በቱታው ጠረገ። "እኔ ነኝ። የምፈታ መስሎኝ ሳጠብቀው ነበር።"

ጡሩምባው ሊስቅ ጀመረና የጓደኛውን ፊት አይቶ ተወው።

"ነገ ልጆቹን ካደረስክ በኋላ በእኛ በኩል ና" አለ አባቷ። "ሐኪም ቤት ታደርሰኛለህ። ለሚስቴም ከፊት ቦታ ያዝላት፤ ዛሬ እነግራታለሁ።"