ሃምሳ ዘጠነኛው ቀን

ኮሌታው እስከ ግማሹ እንደተሰፋ ተቆጣጣሪው ትከሻዋን ነካ አደረጋትና፣ "ሙከራ፣ ቢሮ ትፈለጊያለሽ" አላት።

እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ለምን እንደተፈለገች መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሃምሳ ዘጠነኛው ቀን ነበር።

ሙከራ ያሏት የስፌት መስመሩ ልጆች ናቸው። በአገሩ ሕግ አዲስ ሠራተኛ ስልሳ የሥራ ቀን ይሞከራል፤ እስከዚያ አሠሪው ያለ ምክንያት ሊያሰናብተው ይችላል፤ ስልሳው ካለፈ ግን ምክንያት መስጠት ግድ ነው። ፋብሪካው ለዚህ መላ ዘይዷል። በሃምሳ ዘጠነኛው ቀን "ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ" የሚል ወረቀት ያስፈርማል፣ ሳምንት ያሳርፋል፣ አዲስ ባጅ ሰጥቶ እንደ አዲስ ይቀጥራል። ሦስት ዓመት ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ሰፍታ፣ ስንቱን አስተምራ፣ ዛሬም መስፋት ትችል እንደሆነ እየተሞከረች ነው።

የሠራተኛ አስተዳዳሪው ወረቀቱን አዘጋጅቶ ጠበቃት። ዕድሜው ታናሽ ወንድሟን ቢያክል ነው።

"ቁጭ በይ እህቴ። ያው የተለመደችዋ ናት።"

"ሰኞ ልመለስ?"

እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ አደረገ። "አሁን እንኳ ትንሽ ረፍት ብታደርጊ ይሻላል።" ዓይኑ ሆዷ ላይ ዐረፈ። አምስተኛ ወሯን ይዛለች። "በሰላም ተገላገይና ብቅ በይ፤ ቦታ ካለ እናያለን።"

"የወሊድ ፈቃድስ?"

"እሱ ለቋሚ ነው። አንቺ ገና ሙከራ ላይ ነሽ።"

"ሦስት ዓመት?"

"ሃምሳ ዘጠኝ ቀን" አለ በጣቱ ወረቀቱን እየመታ። "ሕጉን እኔ አላወጣሁት።"

"ታላቅ እህቴ ድንበር ማዶ ባለው ፋብሪካችሁ ይህንኑ ሸሚዝ ትሰፋለች። እዚያ ሰው የሚሞከረው አንዴ ብቻ ነው። አምና ሊያባርሯት ሲሉ ምክንያቱን በጽሑፍ አምጡ ተባሉ፤ ቢፈልጉ አጡ፤ ወደ ማሽኗ መለሷት።"

"የዚያ አገር ሕግ ሌላ ነው።"

"ኮሌታው ግን አንድ ነው።"

ሳቀ። ሳቁ ከልቡ ነበር፣ ደሟን ያፈላውም እሱ ነው። "አንቺ ደግሞ ጨዋታ ታውቂያለሽ። በይ ፈርሚና ባጅሽን... ወይ ተይው፣ እንደ ወትሮው ጣዪው።"

ሁልጊዜ ጣዪው ይላታል። አንዱንም ጥላ አታውቅም። የኮሌታ ጫፍ ተገልብጦ ሹል ሆኖ እንዲወጣ በጠንካራ ነገር መገፋት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ የባጅ ማዕዘንን የሚያህል የለም። መስመሩ በሙሉ ከእሷ ይዋሳል። አሥራ ሦስት ባጅ በየማሽኑ መሳቢያ ተበትኗል፤ እያንዳንዱ ላይ የእሷ ፎቶ፣ የፋብሪካው ማኅተም፣ የተቀጠረችበት ቀን አለ።

ወረቀቱን በጀርባው ገለበጠችው።

"ካልፈረምሽ እኮ ያው ትሰናበቻለሽ" አላት።

"እንግዲያው በፈቃድህ አሰናብተኝና አንተው ፈርምበት።"

እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ነበር የምትለው።

ወደ መስመሩ ተመልሳ ከመጀመሪያው ማሽን ጀመረች። "ባጄን መልሺልኝ።"

"ጫፉን በምን ላወጣው ነው?" አለች ሰፊዋ።

"በጥርስሽ።"

እየዞረች ሰበሰበች። የመጨረሻውን የያዘችው የመስመሩ ታላቅ እትዬ ቁልፍ ናት፤ ቁልፍ ስትተክል ጣቶቿ ቆልመም ብለው ቀርተዋል። ባጁን በቀሚሷ ጠራርጋ ሰጠቻት። ፎቶው ግማሹ ተፍቋል።

"ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?"

"ለዳኛ ላሳየው። ሦስት ዓመት የተሞከረ ሰው አይቶ ያውቅ እንደሆን ልጠይቀው።"

"ሕጉ እኮ የእነሱ ነው።"

"ይሁን። እንግዲያው ዳኛው ራሱ ፊት ለፊቴ ይንገረኝ።"

እትዬ ቁልፍ ተቆጣጣሪውን በዓይኗ ፈለገችው። ከዚያ መሳቢያዋን እስከ ጥግ ሳበችና በክር የታሰሩ ባጆች አወጣች። "የእኔንም ውሰጃቸው። ምስክር ካሉሽ ጥሪኝ።"

ሙከራ ሁሉንም ቦርሳዋ ውስጥ ከታ የማሽኗን መብራት አጠፋች። ጀምራ የተወችው ኮሌታ ኖሮ አያውቅም፤ ይኸኛው መርፌው እንደተሰካበት ቀረ።

"ሙከራ፣ ኧረ ኮሌታውን ጨርሺው እንጂ" አላት ተቆጣጣሪው ከኋላዋ።

"አልችልበትም" አለች ሳትዞር። "ገና እየተሞከርኩ ነው።"