አበባው ሥር የተቀበሩት ዓሦች

«እንቁራሪት» ብሎ የሰደበኝ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ቀኑ እሁድ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጁ የተመረቀ ዕለት፣ ኬኩ ተቆርጦ ሰው ሁሉ ሳህን ይዞ በተቀመጠበት፣ በራሱ ሳሎን፣ ላስቲኩ ገና ባልተነሣለት ሶፋ ላይ ተንሰራፍቶ። እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ነበርኩ። አንዱ ባለ ኮት እንግዳ «አማችህ ምን ይሠራል?» ቢለው፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ እንኳ አልፈለገም።

«ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቀን በሰው ቤት ውሃ ውስጥ፣ ማታ በራሱ ቤት ውሃ ውስጥ። ዓሣ ያረባል እኮ! አይበላው፣ አይሸጠው። እህታችንን ለእንቁራሪት ነው የዳርናት!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ባለ ኮቱ ሳቀ፤ ተመራቂውም ኬክ በአፉ ሞልቶ ሳቀ። ይሁን። እሱ ሴራሚክ ነጋዴ ነው፣ አፉም እንደ ሴራሚኩ ያንሸራትታል። አንጀቴን ያቆሰለው ሌላ ነው። ሚስቴም ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ! መልሱን ግን አልተውኩትም። በየሰዉ ዕቃ ማጠቢያ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ ዝገት ዓይኔ ውስጥ እየረገፈ፣ ስንቱን መልስ አዘጋጅቻለሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው መልስ ቶሎ አይመጣለትም፤ አንዴ ከመጣለት ግን አይለቀውም።

የተሰደብኩባቸው ዓሦች ኪሊ ይባላሉ። ትልቁ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። አንድ ደንበኛዬ ቤት ሲለቅ «ውሰዳቸው፣ አለዚያ እደፋቸዋለሁ» ብሎ በማርማላታ ጠርሙስ አስታቀፈኝ። ወንዱ ቀይና ሰማያዊ ነው፤ ክንፉን ሲዘረጋ ሙሽራ ይመስላል። ሴቷ አመድማ ናት፤ ልብ ብሎ የሚያያት የለም፣ ከወንዱ በቀር። ዘራቸው ከሚደርቅ ኩሬ ነው። ኩሬው ሲደርቅ እነሱ ይሞታሉ፤ እንቁላላቸው ግን ጭቃ ውስጥ ሆኖ ዝናብ ይጠብቃል። ለዚህ ብዬ በመስታወት ገንዳቸው፣ በአኳሪየሙ ውስጥ፣ አፈር የሚመስል የኮኮናት ቃጫ ብናኝ በጎድጓዳ ሳህን አስቀምጥላቸዋለሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይጠጋጉና፣ ጎናቸው ተጣብቆ፣ አፍንጫቸውን ብናኙ ውስጥ ሰክተው ይጠልቃሉ። ድራሻቸው ይጠፋል። ትንሽ ቆይተው፣ እንቁላላቸውን ቀብረው አብረው ብቅ ይላሉ።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ከአኳሪየሙ ፊት ለፊት ነው። ዓሦቹ ሲጠልቁ የመኪናው ድምፅ ይቆማል። ቀና ስል መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባ ትመስላለች። አንድ ቀን ብቻ «አብረው ገብተው አብረው ይወጣሉ፤ አይገርምም?» አለች። እኔ እንደ ልማዴ ኩርፊያ ላይ ነበርኩ።

ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ በየዓመቱ ከእንቁላላቸው ሌላ ትውልድ ሳስፈለፍል ኖሬ በመጨረሻ አንድ ጥንድ ብቻ ቀረኝ። መጀመሪያ ሴቷ ሞተች፤ ወንዱም ብዙ አልቆየም። የቀረኝ ያ ብናኝ ብቻ ነው፤ ጨምቄ፣ እርጥበቱን በጣቴ እየሞከርኩ፣ ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ የጓዳው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ዘር የለኝም። የሰጠኝ ሰውዬ የት እንደገባ አላውቅም። ያ ፌስታል ጠፋ ማለት በቃ፣ አለቀ።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ መደርደሪያው ባዶ ነው።

«እዚህ የነበረው ፌስታልስ?»

«የቱ? አፈሩ?» አለች፣ ከመኪናዋ ቀና ሳትል። «አበባዬ ሥሩ ወጥቶ አሳዝኖኝ፣ ቅድም አለበስኩት። እንዴት ያለ ለስላሳ አፈር ነው! ከየት አመጣኸው?»

«ውሃ አጠጣሽው?»

«ታዲያ አፈር አልብሼ ውሃ ልከልክለው?»

እንቁላሎቹ ውሃ ሲነካቸው ዝናብ የመጣ መስሏቸው ይነቃሉ። ውሃው ሰርጎ ሲያልፍ ግን ዓሦቹ አበባው ሥር ታፍነው ይቀራሉ። ልጮህባት ነበር፤ የወጣኝ ግን ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው።

«ልጆቻቸው እኮ እዚያ ውስጥ ናቸው።»

ትስቃለች ብዬ ትከሻዋን አየሁ። እሷ ግን የምትሰፋውን ቀሚስ መርፌ እንደተሰካበት ጥላ ብድግ አለች። የአበባ መትከያውን አቅፋ መጣች፤ ነጭ ጨርቅ ወለሉ ላይ ዘረጋች። የደንበኛ ሙሽራ ቀሚስ ገበር መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። የላይ የላዩን በማንኪያ እየገፈፈች ጨርቁ ላይ በተነችው። መነጽሯን አጠለቀች።

«ምን ይመስላሉ?»

«ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጡም። የማር ቀለም አላቸው። የነጣው የሞተው ነው።»

«እሺ። መብራት ያዝልኝ። ደግሞ አትተንፍስብኝ!»

የኔ ጣት የቧንቧ መፍቻ ያወፈረው ነው፤ ለዚህ አይሆንም። እሷ የክር ጫፍ በምትለቅምበት ወረንጦ አንድ በአንድ እያነሣች ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ትጥላለች። ወገቧን የሚያማት ሴት በጉልበቷ ተንበርክካ ቀረች።

«ይሄኛው ዓይን አለው!» አለች ድንገት። «አንተ ሰውዬ፣ ያየኛል እኮ!»

«ያን ዕለት ሳቅሽ» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እኔም አላውቅም።

ወረንጦዋ ባለበት ቆመ። የቱን ዕለት ብላ አልጠየቀችኝም።

«ሳቅኩ» አለች። «ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ማልቀስ አፍሬ።» የያዘችውን እንቁላል ሳህኑ ውስጥ ጣለችና «መብራቱን ወደ ቀኝ። ገና ብዙ ይቀረናል» አለች።

ቀሚሱ ሳያልቅ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ከሁለታችንም ፊቱን የታጠበ የለም። ሳህኑ ውስጥ የቅንድብ ፀጉር የሚያህሉ፣ ሁለት ሁለት ዓይን የተተከለባቸው ነገሮች ይሽከረከሩ ነበር። ሁሉም አልወጡም፤ የወጡት ግን ወጥተዋል። ሚስቴ ጉንጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ በጎን ታያቸዋለች። ምግባቸውን፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ትል፣ ጓዳ ውስጥ አዘጋጅቼላቸዋለሁና ሳህኑን አንሥቼ ልሄድ ስል በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

«እንቁራሪት! እንቁራሪቱ የታለ? ቧንቧዬ ፈንድቶ ኩሽናው ባሕር ሆኗል፤ ና ዋኝልኝ!»

አማቼ ነው። የስንት ዓመት መልስ አፌ ላይ ተሰለፈ።

«ወንድም ጋሼ፣ ድምፅህን ቀንስ» አለች ሚስቴ ቀድማኝ። «ቤት ውስጥ ጨቅላ አለ።»

«የምን ጨቅላ?» አለ። እሷን አየ፣ ሳህኑን አየ፤ ሳቅ ጀመረው። «ጉድ ነው! አንቺም እንቁራሪት ሆንሽ?»

«ሆንኩ። ምን ይጠበስ?»

ትከሻዋን አየሁት። ቀጥ ብሏል። እሱ ሳቁ ግማሹ አፉ ላይ ቀርቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተስ? አፍ የለህም እንዴ?»

ሳህኑ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ልናገር ብል ይፈሳል። ዓይኔን ከውሃው ሳልነቅል፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ በአጠገቡ አልፌ ወደ ጓዳ ገባሁ።