ሶፋው ማዶ

ወንድይራድ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ትርሲትን በስኮፕ ፎቶ ካነሳት ወዲህ፣ ሚስቱ የሐይቅ ማዶ ያህል ርቃው ቀረች። የሄደችበት የለም። እዚያው ቤታቸው፣ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የሕፃን ሹራብ ትሠራለች። ጎረቤት ይመጣል፣ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል። ወንድይራድ ሲገባ ግን ሶፋው እዚህ ነው፤ ትርሲት ሶፋው ላይ ሆና ወዲያ ማዶ ናት፤ የክብሪት እንጨት ታክላለች። ቢራመድ አይደርስባትም፣ ቢሮጥም ያው ነው።

ነገሩ የመጣው ከፍቅር ነው፤ የወፍ ፍቅር። ወንድይራድ ባቱ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለው። እንጀራው ሰው ማንሳት ነው፤ ሰው ግን አይወድም። ሙሽራይቱ "አገጬን ደራረብክብኝ" ትለዋለች። ለመታወቂያ የሚነሳው ሰውዬ እናቱ የሰጡትን አፍንጫ በካሜራው ያሳብባል። ወፍ እንዲህ ያለ ጣጣ የለባትም። ስለዚህ ትርፍ ጊዜውን ሁሉ ሐይቁ ዳር ያሳልፋል። አቅርቦ የሚያሳየውን ባለ አንድ ዓይን መነጽር፣ ስኮፕ የሚለውን፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያቆማል፤ ትንሿን ዲጂታል ካሜራ በቀለበት ከመነጽሩ ጫፍ ይገጥማል፤ ትንፋሹን ይይዛል። ያኔ ማዶ የቆመ አባ ኮዳ አፍንጫው ሥር ይመጣለታል። አባ ኮዳ ማለት ያ ከዓሣ አስጋሪዎች እግር ሥር የማይጠፋው፣ መላጣ፣ ኮት ደርቦ የቆመ የዕድር ዳኛ የሚመስለው ትልቅ ወፍ ነው።

ታዲያ የከተማው ነፍሰ ጡር ሁሉ እሱ ፎቶ ቤት እየመጣች፣ የባሏን እጅ ሆዷ ላይ አስደርጋ፣ ሳሳ ያለ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጋ ትነሳለች። ዘመን ያመጣው ነው፣ ምን ይደረግ። የገዛ ሚስቱ ግን ሰባተኛ ወሯን ይዛ አንድ ፎቶ አልነበራትም።

"የእኔስ መቼ ነው?" ትለዋለች።

"አንቺማ እዚሁ ነሽ፤ የት ትሄጂያለሽ?" ይላታል።

ያን ቀን ምሳውን ቋጥራ፣ የሐይቁን ዳር ዞራ ልታደርስለት መጣች። ከወዲያኛው ዳር ብቅ ስትል ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች፤ ሆዷም በጎን ጉብ ብሎ ይታያል። ትንሽ ቢታገሥ ሳህኑን ይዛ አጠገቡ ትደርስ ነበር። መታገሥን ለወፍ እንጂ ለሚስት ማን ያውቅበታል። ስኮፑን አዞረ፣ ምስሉን አጠራ፣ አነሳት። ፎቶው እንከን አይወጣለትም። ምሳው ግን አልደረሰም። ትርሲት ሄደች፣ ሄደች፣ በመጨረሻ ደወለች።

"ወንዴ፣ መንገዱ አላልቅ አለኝ።"

"ወጡ ምንድን ነው?"

"ምስር ነው። አልደርስ አልኩ እኮ ነው የምልህ።"

"እንግዲያው ቤት ግቢ፣ እኔ እመጣለሁ።"

እሷ ቤት ገባች። እሱም ገባ። እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ወንድይራድ መጀመሪያ ዓይኑን ጠረጠረ፤ ቀጥሎ ዓይኑን ደህና ነው ያለውን ሐኪም ጠረጠረ፤ ካሜራውን የጠረጠረው በመጨረሻ ነው። ያነሳቸው ወፎች አንዳቸውም ዳግመኛ ቀርበውት እንደማያውቁ ያኔ ትዝ አለው። እሱ እኮ ወፍ ዱሮም ከሰው ይሸሻል ብሎ ነበር። ዓሣ አስጋሪዎቹ አባ ኮዳውን በእግራቸው ገፋ እያደረጉ ያልፉታል፤ እሱ ወደ ወፉ ሲሄድ ግን ወፉ ሳይነቃነቅ ሩቅ ነው። ፎቶውን ባጠፋው ይለቀው ይሆናል ብሎ በአንዱ አባ ኮዳ ሞከረ። አጠፋው። አባ ኮዳው የዓሣ አንጀት እየዋጠ ነበር። አንጀቱ መሬት ላይ ወደቀ፤ አባ ኮዳው የለም። ዓሣ የሚያጸዳው ሰውዬ ቀና ብሎ አየና "እሱስ ሆዳም ነበር" ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ወንድይራድ ካሜራውን አቅፎ ቤቱ ገባና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ባልና ሚስቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው በስልክ ማውራት ጀመሩ። ይህ አያስገርምም፤ ስንቱ ቤት እንዲያ አይደል የሚኖረው። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን መጮህ ግድ ነው። እሱ "ጨው የት ነው?" ብሎ ይጮሃል፤ እሷ "ምን?" ብላ ትጮሃለች። ጎረቤት ይሰማል። ጎረቤት የሰማውን አስቀምጦ አያውቅምና ወንድይራድና ትርሲት ተጣሉ ተባለ። ለጠብ ደግሞ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ይላካል። ከተላከ በኋላ ያልተጣላም ቢሆን ሳይታረቅ አይለቀቅም።

ጋሽ ከበበው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ ከላይ ስለ ወፉ የተባለው እሳቸውን አይመለከትም።

"ምን ብለሃት ነው ልጄ?"

"ምንም አላልኳትም ጋሼ። ርቃኝ ነው።"

"ሚስት ርቃኝ ነው አይባልም፤ አራቅኳት ነው የሚባለው።"

"እሱስ አራቅኳት።"

"ይኸው አመነ" አሉ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው።

ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ለሽማግሌዎቹ የሚታያቸው ትከሻ ለትከሻ የተነካኩ ባልና ሚስት ናቸው። ጋሽ ከበበው "በል፣ ጉልበቷን ስመህ ይቅር በይኝ በላት" አሉ። ወንድይራድ ተነሣና መንገድ ጀመረ። ላብ እስኪያጠምቀው ሄደ። ሽማግሌዎቹ ያዩት ግን እቆመበት እየረገጠ ምንጣፍ የሚጨርስ ሰውዬ ነው።

"እምቢተኛ ነው" አሉ አንደኛው።

በመጨረሻ ወንድይራድ ባለ በሌለ ድምፁ "ይቅር በይኝ" አለ።

"ምን?" አለች ትርሲት።

"ይቅር በይኝ።"

"አልሰማህም፣ ደውልልኝ።"

ጋሽ ከበበው ይህን እንደ እርቅ ቆጠሩት፤ መረቁ፣ ምሳ በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ምርቃቱ ጥሩ እንደነበር አይካድም። ሲወጡ ወንድይራድ በር ላይ ያዛቸውና የፎቶውን ነገር ነገራቸው።

"ጋሼ፣ ልጁስ? ልጁም እንዲሁ ርቆኝ ይቀራል?"

"ፎቶው ላይ ልጁ አለ?"

"ሆዷ ነው ያለው።"

"እንግዲያው ሆድ ነው ያነሳኸው። ያልተወለደ ሰው ፎቶ አይነሳም።"

ወንድይራድን ያኖረችው ይህች ቃል ናት። ስኮፑን ያለ ካሜራው ሳሎን ውስጥ ተከለና ሚስቱን በዚያ ያያት ጀመር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼኔ ነው። ፊቷ እንደ ዱሮው ቅርብ ይመጣል፤ ማድያት እንደወጣባት፣ እግሯ እንዳበጠ ያያል፤ እጁን ሲሰድ ግን የሚነካው የሳሎኑን አየር ነው። የጸጉሯ ሽታ ናፈቀው። በግልጽ ለመናገር ያለቅስ ነበር፤ መነጽሩ በእንባ ይደበዝዛል፣ ይወለውለዋል፣ እንደገና ያያታል። እሷም እያየኝ ነው ብላ ስታስብ ምላሷን ታወጣለታለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደወለችለት።

"ልጁን መጀመሪያ አንተ ትታቀፈዋለህ" አለችው። "ከዚያ ለእኔ ያመጡልኛል። አንተ የነካኸውን እነካለሁ።"

"እሺ" አለ።

ምጧ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ወንድይራድ የማዋለጃ ክፍሉ ደፍ ላይ ቆሞ፣ ወዲያ ማዶ አንዲት ክብሪት እንጨት አልጋ ላይ ስትታገል አየ። መነጽሩን አላመጣም፤ ዛሬ አያስፈልገኝም ብሎ ነበር። እልል ተባለ። አዋላጇ ሲስተር ወይንሸት አንድ የተጠቀለለ ፎጣ ይዛ ከአልጋው ወደ እሱ መጣች። እሷ ፎቶ አልተነሳችምና በቶሎ ደረሰች።

"እንኳን ማርያም ማረችልህ። ሴት ናት፣ አባቷን ቁርጥ። ተቀበል።"

ተቀበለ። ክብደቷ ሙሉ ነው። ሙቀቷ በፎጣው አልፎ መዳፉን አሞቀው። ወንድይራድ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣበት።

"ታቀፍካት?" ብላ ትርሲት ከአልጋዋ ጮኸች።

"ታቀፍኳት" ብሎ መለሰ።

ከዚያ የፎጣውን ጫፍ ገለጥ አደረገ። እታች፣ ወዲያ ማዶ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ልጅ አፏን ከፍታ እጆቿን ታወናጭፋለች። ለቅሶዋ የተሰማው ቆየት ብሎ ነው።

እጁን ወደ ፎጣው ሰደደ። እስከ ክርኑ ገባ። እስከ ብብቱ ገባ። ልጅቱ ወደ እሷ የሚመጣውን እጅ አየችና አፏን ገጠመች፤ ዝምታዋም ትንሽ ቆይቶ ደረሰው።