የአናማ መርዶ

በ1952 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ አማርኛ በማስተምርበት የጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ከነሚስቱ መጣ። ሚስተር ኩሪያን ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ጉሮሮው የሚዘጋ፣ ጠመኔ እንኳ በመሐረብ ጠቅልሎ የሚይዝ ሰው ነበር። ሚስቱ አናማ አጭርና ፊተ ክብ ነች። ልጅ አልነበራቸውም። ከቦምቤ ምጽዋ በመርከብ፣ ከምጽዋ አስመራ፣ ከአስመራ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ በአውቶቡስ ሲመጡ አናማ ደባርቅ እስኪደርሱ ዓይኗን አልገለጠችም ነበር አሉ።

ልደታ አካባቢ፣ እኔ ከምኖርበት ቤት አጠገብ ጣልያን የሠራውን የድንጋይ ቤት ተከራዩ። በወዲያኛው ወገን ያለው አጥር የመሪጌታ ሐብተ ማርያምና የሚስታቸው የእትዬ ለተ ማርያም ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የከተማው የውጭ ሰዎች እነ ኩሪያን ቤት ይሰበሰቡ ጀመር። ሁለት ወንደላጤ ህንዳውያን መምህራን፣ ፒያሳ ሱቅ ያለው ግሪካዊው ኮስታና ሚስቱ፣ አንዳንዴም እንግሊዝኛ ስለምችል እኔ። ካርታ ይጫወታሉ፣ ሸክላ ያዘፍናሉ፣ ስለ አገራቸው ይከራከራሉ። አናማ ወጡን አቅርባ ስታበቃ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። የኮስታ ሚስት ከግሪክኛና ከጣልያንኛ ሌላ አታውቅም፤ አናማ ደግሞ ሁለቱንም አታውቅም። ሁለቱ ሴቶች ሦስት ሰዓት ሙሉ ፈገግ እየተባባሉ ይውላሉ። እንግዶቹ ሲሄዱ አናማ ጉንጯን ስታሽ አይቻት አውቃለሁ።

ከጎረቤት ማንም እነሱ ቤት እህል አይቀምስም ነበር። «በንያን ናቸው፣ የህንድ አረመኔ፤ ምን እንደሚያመልኩ አይታወቅም» ይባላል። ሚስቴ ይመኙሽ እንኳ ሰላምታ ከመስጠት አታልፍም። እኔም ሃይማኖታቸውን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በዚያው ዓመት በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ አናማ በአጥሩ ላይ አንድ ሳህን ምስር ወጥ ለእትዬ ለተ ማርያም አቀበለቻቸው። እትዬ ለተ ማርያም ሳህኑን ይዘው ቀሩ፤ መመለሱ ነውር፣ መብላቱ ኃጢአት ሆነባቸው። እኔን በአጥር ጠሩኝ።

«እስቲ ጠይቅልኝ ዋኘው። ቅቤ አለው?»

ጠየቅኋት። አናማ ተደነቀች። «ቅቤ? ጾም ላይ ሆኜ ምን ብዬ ቅቤ አገባለሁ? እኛም እኮ ዐቢይ ጾም ይዘናል። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ።»

ይህን ስተረጉም መሪጌታ ከቤት ወጡ። መቋሚያቸውን ተደግፈው «ክርስቲያን ናችሁ? በማን ስብከት ተጠመቃችሁ?» አሉ።

«በቅዱስ ቶማስ» አለች።

«ቶማስ ዘህንደኬ!» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «የሐዋርያው ልጆች ስድስት ወር አጥር ለአጥር ተቀምጠው እኔ በንያን እላቸዋለሁ? እግዚኦ መሐረነ!» ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ «ምነው ቆመሽ ታዲያ? እንጀራ አምጪ እንጂ!» አሏቸው። ያን ምስር አጥሩ ሥር ተሰብስበን በላነው። በርበሬው የጎንደር ነው፤ ሌላው ቅመሙ ግን ከወዴት እንደመጣ አላወቅንም። እትዬ ለተ ማርያም ሳህኑን ባዶውን አልመለሱም።

ከዚያ ወዲያ አናማን ቤቷ ማግኘት ከባድ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ወር በገባ በሃያ አንድ የሚጠጡት የእመቤታችን ማኅበር ውስጥ ገባች። አማርኛ የለመደችው ከእነሱ ስለሆነ የምትናገረው እንደ ጎንደር ባልቴት ነበር። ባሏ ኮቱን ለብሶ ሲወጣ «ሸጋ ነህ» ትለዋለች፤ ሲያመሽ «ምነው ቆየህ፣ ጅብ በላህ ብዬ!» ትለዋለች። የቅዳሜውም ስብሰባ መልኩ ተለወጠ። እትዬ ለተ ማርያም ከኮስታ ሚስት አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ የኮስታ ሚስትም ማየት ብቻ ሰልችቷት እንዝርቱን ተቀብላ ሞከረች። ኮስታ ጠላ ለመደ። አንደኛው ወንደላጤ መምህር፣ ጆርጅ የሚባለው፣ ካርታውን ትቶ ከመሪጌታ ጋር ስለ ቅዱሳን ይከራከራል፤ እኔ ስተረጉም ጉሮሮዬ ይደርቃል።

በ1953 ዓ.ም. ለጥቅምት ሃያ አንድ ማኅበሩን የማውጣት ተራ የአናማ ሆነ። ከመስከረም ጀምራ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ጌሾውን ራሷ ገበያ ወርዳ መረጠች። ጋኑን ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ከወለቃ አስመጣች። ይመኙሽና እትዬ ለተ ማርያም ጠላውን አብረው ጠነሰሱላት፤ እሷም በየቀኑ ጋኑ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ «ይፈላል፣ ይናገራል» እያለች ትስቃለች።

በዓሉ ሰኞ ሊሆን ዓርብ ቀን በእረፍት ሰዓት፣ ሚስተር ኩሪያን የመምህራኑ ክፍል በር ላይ ጠራኝ። እጁ ላይ ቴሌግራም ነበር። እንዳነበው ሰጠኝ። «እናት አረፈች። ተቀብራለች። አትምጡ» ይላል።

«የማን እናት?» አልሁት።

«የአናማ። ማርያማ።» ግድግዳውን ተደገፈ። «ዋኘው፣ እስከ ሰኞ አልነግራትም። ቀኑ ይለፍላት። አንድ ቀን ደስ ይበላት። ከዚያ እነግራታለሁ።»

«ብቻህን?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

ከትምህርት በኋላ በቀጥታ መሪጌታ ቤት ሄድሁ። ይመኙሽም እዚያ ነበረች። ስነግራቸው እትዬ ለተ ማርያም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

መሪጌታ «ሐዘን የትም አይሄድ። ሰኞ ቢሆን ምን አለ? ለበዓሉም ክብር ነው» አሉ።

«የኔታ፣ ይህ የሴት ነገር ነው» አሉ እትዬ ለተ ማርያም። «እናቷ አፈር ለብሳ እሷ ጠላ እየቀዳች እልል ልትል? ከኛ ጋር ስትስቅ ውላ ማግስቱን ብትሰማ፣ ያንን ሣቋን ዕድሜ ልኳን ትረግመዋለች። እኛንም ‹እያወቁ አሳቁኝ› ትለናለች። ነገ ንጋት ላይ እንሄዳለን።»

ይመኙሽ «ባሏስ?» አለች።

«ባል መርዶ አይነግርም። ባል በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።»

ይህን ልነግረው ስሄድ ሚስተር ኩሪያን እጓዳ ውስጥ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ለበዓሉ ዳቦ የሚሆነውን ዱቄት ይነፋል። አናማ አጠገቡ ሆና ዱቄት የነካውን አፍንጫውን እያየች ትስቃለች። እሱም ይስቃል። ያን ፊቱን ማየት አልቻልሁም። ወደ ውጭ ጠርቼው ነገርሁት። የእጁን ዱቄት አራገፈ። «በሩን አልቆልፍም» አለኝ በመጨረሻ።

ቅዳሜ ገና ሰማዩ ሳይቀላ ስምንት ሴቶች በእትዬ ለተ ማርያም ደጅ ተሰበሰቡ። ነጠላቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። አየለች የምትባለው የሰፈሩ አልቃሽም አለች። እኔና መሪጌታ ጥቂት ራቅ ብለን ተከተልን። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የጎመን ቢላዋ ድምፅ ይሰማል፤ አናማ ለካ ከእኛ ቀድማ ተነሥታለች።

ሴቶቹን ስታይ ፊቷ በራ። «ውይ! ማለዳ መጣችሁ!» አለች። «ጠላው እኮ ገና ነው። ግቡ፣ ግቡ!»

እትዬ ለተ ማርያም ቀርበው ቢላዋውን ከእጇ ወሰዱና አስቀመጡት። ሁለት እጇን ያዙ። «አናማዬ፣ ልጄ» አሉ። «እናትሽ ማርያማ አርፋለች።»

አናማ መጀመሪያ ያልገባት መሰላት። አማርኛው ያሳሳታት መስሏት ይሆናል። ዓይኗ ወደ እኔ መጣ፣ እንድተረጉምላት። እኔም መተርጎም አቃተኝ። ያን ጊዜ ነጠላዎቹን አየች፤ ነጠላዎቹ እንዴት እንደተለበሱ ታውቃለች፣ ከሁዳዴ ወዲህ አብራቸው ለቅሶ ቤት ሄዳለች። ይመኙሽ ከኋላዋ ደገፈቻት። የሰማነው ጩኸት በቋንቋዋ ነበር፤ «አማ» የሚለውን ቃል ግን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ረፋዱ ላይ ግቢው ሞላ። ወንዶቹ ውጭ በየወንበሩ ተቀመጥን። አየለች ከበሩ ላይ ብቅ ብላ ጠራችኝ።

«አያ ዋኘው፣ ሟቿን አላውቃትም። ሳላውቃት ምን ብዬ ላልቅስ? ጠይቅልኝ፤ ሞያዋ ምን ነበር?»

አናማ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ጠየቅኋት። መናገር ስትጀምር አላቆም አለች። አናማ አራት ዓመት ሲሆናት እናቷ ባሏ ሞተባት። ከወንዙ ዳር ሰፈራቸው እስከ ገበያው መንገድ የለም፤ ስለዚህ በታንኳ ኮኮነት እየጫነች፣ ራሷ እየቀዘፈች፣ ሁለት ሴት ልጆች አስተማረች። መንደሩ «ሴት አትቀዝፍም» ብሎ ሲስቅባት «ታንኳው ቢሰጥም እንኳ እኔ አልሰጥምም» ትላቸው ነበር። ልጇ ወደ አፍሪካ ስትሄድ ወደቡ ድረስ ሸኘቻት። አላለቀሰችም። «ጸጉርሽን ሳታደርቂ አትተኚ» ብቻ አለቻት።

አየለች ጣና ዳር የተወለደች ስለሆነች ታንኳ ታውቃለች። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ገባችና መሐል ቆማ አወረደችው፦

ታንኳ እየቀዘፈች ልጆች ያሳደገች፣
ያለ ታንኳ ዛሬ ወዴት ተሻገረች።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ደግማ፦

ባሕር ማዶ ሞታ አልቃሽ የላት አሉ፣
ጎንደር ያሉት ልጆች እዚህ ያለቅሳሉ።

ከዚያ በኋላ ለማርያማ ያላለቀሰ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ለራሱ ሙት ነበር የሚያለቅሰው፤ ይመኙሽ ለእናቷ፣ እትዬ ለተ ማርያም በጣልያን ጊዜ በድብ ባሕር ጦርነት ለወደቀው ወንድማቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሜ ነውና እነ ኮስታ ካርታቸውን በኪሳቸው ይዘው መጡ። ግቢውን አይተው በሩ ላይ ደረቁ። ኮስታ ኮፍያውን አወለቀ። ሚስቱ ምንም ሳትጠይቅ ገብታ ከአናማ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። ጆርጅ ደግሞ ወንዶቹ መካከል ተቀምጦ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። እናቱ ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር ከሞተች፤ ቴሌግራሙን ብቻውን አንብቦ፣ ክፍል ገብቶ አስተምሮ ነበር። ለማንም አልነገረም።

ማታ ሰዎች ቀነስ ሲሉ አናማ ባሏን ጠየቀችው።

«መቼ ሰማህ?»

«ትናንት። በእረፍት ሰዓት።»

«ዱቄቱን ስትነፋ ታውቅ ነበር?»

እጆቹን አየ። እሷም ፊቷን አዞረች። ሦስት ቀን አላናገረችውም። እሱ ልብሷን ያቀርባል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እሷ እንደ አየር ቆጥራው ታልፋለች። ሚስተር ኩሪያን ትምህርት ቤት መጥቶ «ለእሷ ብዬ ብቻ አይደለም የደበቅሁት» አለኝ። «ፈርቼ ነው። እሷ ስታለቅስ፣ በዚያ ቤት ውስጥ አብሬያት እኔ ብቻ ስሆን ታየኝ።»

በሦስተኛው ቀን እትዬ ለተ ማርያም አናማን አጠገባቸው አስቀመጧት። «ልጄ፣ ባልሽን አትቀየሚው። እኛ ነን ዝም በል ያልነው። እዚህ አገር ባል መርዶ አይነግርም፤ የሚያባብል ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። እሱ ከነገረሽ ማን ያባብልሽ?»

አናማ «እሱንስ ማን አባበለው?» አለች። «እሱም ‹አማ› ነው የሚላት።» ተነሥታ ባሏ ወዳለበት ጓዳ ገባች። በሩ ተዘጋ። እትዬ ለተ ማርያም ወደ ደጅ ገፋ አደረጉኝ፤ «በል ውጣ፣ የሚተረጎም ነገር የለም» አሉኝ።

ተራዋን ይመኙሽ ወሰደችላት፤ የተጠመቀው ጠላ ለለቅሶተኛ ሆነ። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከአናማ እህት ደብዳቤ ደረሰ። ሴቶቹ ሁሉ ሊሰሙ ተሰበሰቡ። አናማ ታነባለች፣ ባሏ በእንግሊዝኛ ይነግረኛል፣ እኔ በአማርኛ። በቀብሩ ቀን ዝናብ ነበር። ታንኳዋን ለጎረቤት ሰጧት። መጨረሻ ላይ እህቷ እንዲህ ጽፋለች፦ «ከሁሉ የሚያቃጥለኝ አንቺ ብቻሽን መሆንሽ ነው። አብሮሽ ያለቀሰ ሰው ካለ ስሙን ላኪልኝ፤ በሙት ዓመቷ በቤተ ክርስቲያን አስጠራዋለሁ።»

አናማ ወረቀትና ብዕር አመጣች። በዚያ ክብ ክብ በሚመስለው ፊደላቸው «ለተ ማርያም» ብላ ጀመረች። ቀጥላ «አየለች» ልትጽፍ ስትል አየለች እጇን ያዘቻት።

«ቆይ፣ ቆይ። ለጸሎት ከሆነ የዓለም ስሜን ምን ያደርግላታል? የክርስትና ስሜን ጻፊ። ወለተ ሩፋኤል።»

«እኔም» አለች ይመኙሽ፤ «ወለተ ጊዮርጊስ።» ከዚያ ሁሉም እየተጋፉ ስማቸውን ይነግሯት ጀመር። የኮስታ ሚስት ነገሩ በምልክት ሲገባት ደረቷን እየመታች «ኤሌኒ! ኤሌኒ!» አለች። ሰባት ዓመት የኖርሁበት ሰፈር ነው፤ የጎረቤቶቼን የክርስትና ስም የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። ወረቀቱ በሁለቱም ወገን ሞላ። ሚስተር ኩሪያን ተነሣና ከተማሪዎቹ ደብተር ሌላ ወረቀት ቀደደላት።