የሰገን ብረቶች

«ኧረ ምንድን ነው እሱ የሚፈትገው?» አለች አንዲት ለቀስተኛ፣ አጠገቧ ወደ ተቀመጠችው ወደ ገላነሽ ጠጋ ብላ።

«እንጃ እቴ! ከጧት ጀምሮ ካንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ሥር አልነሣ ብሏል። የልጅ መጫወቻ ነው አሉ።»

«በእኅቱ ለቅሶ ላይ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማል።»

ማረው ሰምቷል፤ ግን ቀና አላለም። ከድንኳኑ ጥግ ሰሌን ላይ እግሩን አጣጥፎ፣ አፉ በተሸረፈ ሲኒ የቀዳውን ነጭ ጋዝ በቁራጭ ጨርቅ እያጠቀሰ፣ የመዳፍ ርዝመት ያላትን ባለ ቀዳዳ ብረት ያሻል። ዝገቱ እየቀለጠ ጨርቁ ላይ ቀረ። ሲያሻት ቆይቶ ከሥር አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ። ማረውም ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ፈገግ አለ።

ሰገን ታላቅ እኅቱ ነበረች። ከሁለቱ በቀር እናታቸው ሌላ ልጅ የላትም። እሱ ጎንደር ከተማ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ እሷ ከባሏ ከደሴ ጋር እዚሁ ቁሐር ሚካኤል ሩዝ እያረሰች፣ ከብት እያረባች፣ ዓይኗን ሞራ የጋረዳትን እናታቸውን እናኑን እየጦረች ኖረች። ልጅ አልሰጣቸውም። ድንገት ታማ ተኛች ሲሉት ማረው ተነሣ፤ መንገዱ ተዘግቶ አዲስ ዘመን ከተማ አደረ። ሲደርስ ሕዝቡ ከቀብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር። ሴቶቹ ሲያዩት እንደ አዲስ እሪ አሉ። እሱ ግን እንባ እንቢ አለው። «እኅቴን» ብሎ ጀመረና የሚቀጥለው ቃል ጠፋው። ያንለት እንደ ተተከለ ድንጋይ ዋለ። ሰውም ታዘበው፤ «ከተማ ሲከርሙ ሆድም ይደነድናል» ያለ አለ።

በማግስቱ የእንግዳ መቀመጫ ጎደለና ከጓዳ አግዳሚ እንዲያወጣ ላኩት። አግዳሚውን ሲስብ ከጎታው ኋላ አንድ ነገር ኳ አለ። ጎንበስ ብሎ አየ። ሣጥኗ ነበረች።

ሣጥኗን ወደ ቤት ያመጣት አባታቸው ባየህ ነው። በደርግ ጊዜ ሩዝ ማብቀል ሊያስተምሩ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ወረታ ሰፍረው ሳለ ባየህ የግቢያቸው ዘበኛ ነበር። ካንዱ ባለሙያ ጋር በጣም ይዋደዱ ነበርና፣ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ልጁ ትልቅ ሆኖ የተወውን መጫወቻ ለባየህ ልጆች ሰጠ። አረንጓዴና ቀይ ቀለም የተቀቡ ባለ ቀዳዳ ብረቶች፣ ቀጫጭን ዘንጎች፣ መንኮራኩሮች፣ ከባቄላ ፍሬ የሚያንሱ ብሎኖች ከነዳዷቸው፣ አንዲት ትንሽ ካቻቢቴና ዳዶ መያዣ ኪያቤ። እየተገጣጠመ ጋሪም፣ ቤትም፣ ያሻውን ይሆናል።

ባየህ ሁለቱን ልጆች አስቀምጦ እኩል አካፈላቸው። ማረው በድርሻው ጋሪ ጀመረ፤ መንኮራኩር አጠረው። ሰገንም ጀመረች፤ ዘንግ አጠራት። ላበድርህ ላበድርሽ ሳይባባሉ ተኮራርፈው ከረሙ። ኋላ ሰገን ድርሻዋን በቀሚሷ አፍሳ መጣችና ፊቱ ላይ ዘረገፈችው።

«ግማሽ ጋሪ የትም አይሄድ» አለችው። «ና እንሥራው።»

ከዚያ ወዲያ የኔ የሚባል ብሎን አልነበረም። እሱ ጋሪ ይወድ ነበር፤ እሷ ግን የሚያነሣና የሚሸከም ነገር። አንድ ቀን ከምሰሶው ላይ ዕቃ ማንሻ ገጥማ የእናታቸውን የቅቤ ቅል በገመድ አንጠለጠለች። ቅሉ ተነሣ! ማረው አጨበጨበ። ከዚያ ገመዱ ተፈታ።

እናኑ ወለሉ ላይ የተንጣለለውን ቅቤ አይታ፣ «ሴት ልጅ ፈትሏን ትታ ብረት ትፈትላለች?» ብላ ሣጥኗን ደበቀች። ሰገን ከጤፉ ጎታ ውስጥ ቆፍራ አወጣቻት። እናኑ መልሳ ደበቀች፤ ሰገን መልሳ አገኘች። እንዲህ እየተደባበቁ ዓመታት ሄዱ። ማረው ነፍስ አውቆ ጎንደር ሲሄድ ሣጥኗ የት እንደ ደረሰች አልጠየቀም። ባንዱ ጎርፍ የሄደች መስሎት ነበር።

አሁን ግን ይቻት። ጎርፍስ አግኝቷታል። ብረቶቹ ዝገው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ገሚሶቹ ጎብጠዋል፤ ብሎኖቹ ከዳዷቸው ጋር አንድ ሆነዋል። ማረው ብሎኖቹን ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፋቸው። ዝገታቸው የቀለለ ብረቶችን በአመድ አሻቸው። የጎበጡትን ወፍጮው ላይ አጋድሞ በመጅ ቀስ፣ ቀስ እያደረገ አቃናቸው። እኅቱ ታመመች ከተባለ ጀምሮ ልቡ እንደዚያ ቀን አርፎ አያውቅም። ለምን እንደሆነ አልመረመረም። እጁ ሥራ አግኝቷል፤ እሱም እጁን ተከተለ።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ መጡ። ሕዝቡ ተነሥቶ ተቀበላቸው። «ነፍስ ይማር» ብለው ሲቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ ማረው ባገጩ አመለከተ።

«የኔታ፣ ይኸ ነገር ደግ ነው? ሰው ይስቅብን የለም?»

መሪጌታ ማረውን ጥቂት አዩት።

«ምን አጠፋ?» አሉ። «ሰው ሁሉ ባይኑ ብቻ የሚያለቅስ መሰለህ? ተወው፣ እሱ በእጁ ያልቅስ።»

ከዚያ እሳቸውንም አላስቻላቸውም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ጥጉ ሄዱና፣ «እስቲ ያችን ቀይዋን» ብለው አንዷን መንኮራኩር ተቀበሉት። ዘንጉ ላይ እንዳለች ባንድ ጣታቸው መቷት።

«ትዞራለች!» አሉ።

«ጋዝ ጠጥታ ነው የኔታ» አለ ማረው።

በድንኳኑ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ገላነሽ ለመሪጌታ ንፍሮ ይዛ መጣች። ሳህኑን ልታቀርብ ጎንበስ ስትል ጨርቅ ላይ የተደረደሩትን አረንጓዴ ብረቶች አየችና እጇ እንደ ተዘረጋ ቀረ።

«ውይ! አያ ማረው፣ ይቺ የድልድዩ ሣጥን አይደለችም እንዴ?»

«የምን ድልድይ?»

ገላነሽ መሪጌታን አየቻቸው።

«አያውቅም ማለት ነው» አሉ። «ንገሪው እንጂ። ካንቺ የሚቀድም የለም።»

ገላነሽ ሳህኑን አስቀምጣ ሰሌኑ ዳር ቁጢጥ አለች።

«ያኔ አያ ማረው፣ ክረምት ከገባ ከዚህ ወደ ወረታ መንገድ የሚያደርስ አልነበረም። ጅረቱ ይሞላል። ወንዱስ የበሬ ጭራ ይዞ ይሻገራል። እኔን ምጥ ያዘኝ፣ በቃሬዛ አወጡኝና ከውኃው ዳር ቀረን። ይጎድላል ስንል፣ ይጎድላል ስንል... የበኩር ልጄን እዚያው አጣሁት። እትየ ሰገን እጄን ይዛኝ ነበር። አይዞሽም አላለችኝ። ያን ውኃ ዝም ብላ ታየው ነበር።»

ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና መለሰችው።

«ውኃው ሲጎድል ሕዝቡ ለሚካኤል ተሰብስቦ ሳለ ይቺን ሣጥን ታቅፋ መጣች። ወንዱ ሁሉ ሳቀባት።»

«እኔም ስቄአለሁ» አሉ መሪጌታ።

«ሁለት በርጩማ አራርቃ አስቀመጠች። ከላይ አንድ ብረት አጋደመችና ውኃ የተሞላ ማሰሮ ጫነችበት። ብረቱ ጎበጠ። ‹ይኸ እናንተ በየዓመቱ የምትጥሉት ግንድ ነው፤ ውኃው የሚወስድባችሁ› አለች። ከዚያ ተቀምጣ ብረቶቹን ሦስት ሦስት እያረገች ጫፍ ለጫፍ አሰረቻቸው፤ ከወዲህና ከወዲያ ግድግዳ ሠራችለት። ያንኑ ማሰሮ ጫነችው። ንቅንቅ የለም! ‹ምን አርገሽበት ነው?› አሉ ሽማግሎቹ። ‹ጉልቻ ለምን ሦስት ሆነ?› አለቻቸው።»

«እዚህ ላይ ተረታሁ» አሉ መሪጌታ። «ጉልቻም ሦስት፣ ሥላሴም ሦስት። ምን ብየ ልሟገታት?»

ማረው ሳቀ። ሰገን በርጩማው አጠገብ ተንበርክካ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ነክሳ ብሎን ስታጠብቅ ታየችው።

«በጋውን ሙሉ ሠራን» አለች ገላነሽ። «ወንዱ ባሕር ዛፍ ቆረጠ፤ እኛ ድንጋይ አጋዝን። የቸገረው ብሎኑ ነበር። እንጨቱን አጥብቆ የሚይዝ ወፍራም ብሎን ወረታም ይፋግም ታጣ። ኋላ እሷው ከየት እንዳስመጣችው እንጃ፣ በጆንያ ሙሉ መጣ።»

የማረው እጅ ቆመ።

ትዝ አለው። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገደ ስልክ ደወለችለት። «ማርየ፣ የከባድ መኪና ወፍራም ብሎን አለህ? ረዘም ረዘም ያለ?» አለችው። «ምን ልታስሪበት ነው?» ቢላት፣ «የላላ ነገር» አለችውና ሳቀች። እሱም ሳቀ። ካሮጌው ሁሉ ለቃቅሞ በጆንያ ሞላና ወደ ወረታ በሚሄድ የጭነት መኪና ላከላት። የበረት በር ሠርታበት ይሆናል ብሎ ረሳው። እሷም ደግማ አላነሣችበትም።

«ብሎኑ የኔ ነው» አለ። «እኔ ነኝ የላክሁላት። ድልድዩ... አሁንም አለ?»

«ኧረ በምን ተሻግረህ የመጣህ መስሎሃል?» አለች ገላነሽ። «ከዚያ ወዲያ የወለድኋቸውን ሁሉ በሱ ላይ ተሻግሬ ነው ወረታ የወለድኋቸው።»

ማረው መሳቅ ጀመረ። የወረዳው ሥራ መስሎት ሲያልፈው የኖረ፣ አሁንም ራሱን አቀርቅሮ፣ ቀብሩ አመለጠኝ እያለ በሩጫ የረገጠው ድልድይ! «እኅቴን» አለ፤ ትናንት የጠፋው ቃል ዛሬ መጣለት። «እኅቴን፣ ብልኋን!» ሳቁ ሳያልቅ እንባው ደረሰ። ሴቶቹ ተቀበሉት። ማረው አለቀሰ፣ ወጣለት፣ ፊቱን በጋዝ ባልነካው የጨርቁ ጫፍ ጠረገና ቀጣዩን ብረት አነሣ።

ለቀስተኛው ሲሳሳ ደሴ መጣ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ማረውና ደሴ ከሰላምታ ያለፈ ወግ ኖሯቸው አያውቅም፤ ደሴ ዝምተኛ ነው፣ ማረው ሲመጣም ቸኳይ።

«በየክረምቱ ታወጣት ነበር» አለ ደሴ፣ አጠገቡ ቁጭ እያለ። «ሩዙ ተተክሎ ሥራ ሲቀል። ልጅ ስላልነበረን ሰው እንዳይታዘባት ብየ በሩን እዘጋላት ነበር። ኋላ ይኸም ሞኝነት ነው አልሁና አብሬያት ተቀመጥሁ።»

«ምን ትሠሩ ነበር?»

«ምን ያልሠራነው አለ! አንድ ጊዜ ሚዛን፣ አንድ ጊዜ የሩዝ መፈተጊያ። አይሠራም እኮ፤ ግን ይዞራል። ዳዶውን እኔ እይዛለሁ፣ እሷ ታዞራለች።» ደሴ ፈገግ አለ። «ከዚያ ጎርፉ ቤት ገባ። እህል ስናወጣ ሣጥኗን ረሳናት። ‹ማረው ሲመጣ እናጠራታለን› ትል ነበር።»

ማረው ኪያቤዋን አንሥቶ ዘረጋለት። ደሴ ተቀበለና ዳዶውን ያዘ፤ ማረው ካቻቢቴውን አዞረ። ከዚያ በኋላ እንግዳ ሲመጣ ይነሣሉ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ይባላሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። የጠፋውን ብረት ከዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጠው ተኩት፤ ቀዳዳውን በምስማር በሱት። ብሎን ሲያልቅባቸው በሽቦ አሰሩ። ደሴ የሰገንን ድልድይ ከነመልኩ ያውቀዋል፤ «እዚህ ጋ እንዲህ ነበር፣ የለም፣ ገልብጠው» ይላል። መሪጌታም ባለፉ ቁጥር ጎራ እያሉ አላስፈላጊ ምክር ይሰጣሉ። ለቀስተኛው መሐል ለመሐል ስለ ሰገን ይጫወታል፤ የዘጉትን በር ማን ከፈተው፣ የተጣሉትን ማን አስታረቀ፣ ያበደውን በሬ ማን ያዘው። ማረው እየሰማ፣ እየጠየቀ፣ ብረቱን ያጠብቃል። እኅቱን ከሞተች በኋላ እንደ አዲስ እየተዋወቃት ነበር፤ ትውውቁም ጣመው።

በሰልስቱ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ጸበል ቀምሶ ሲበተን ድልድዩ አለቀ። ክንድ የሚያህል ነው፤ ገሚሱ አረንጓዴ፣ ገሚሱ ቀይ፣ አንድ ጎኑ ዘይት ቆርቆሮ። ደሴ በሁለት እጁ አንሥቶ ከፀሐዩ ፊት አየውና ለማረው መለሰለት።

ማረው ወደ እናቱ ወሰደው። እናኑ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ተደግፋ ተቀምጣለች። እነዚያን ቀናት ሁሉ ሙሾ አውርዳ፣ አውርዳ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«እማየ፣ እስቲ እጅሽን ስጭኝ።»

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ዳሽው።»

ሰሌኑ ላይ አስቀመጠላት። ጣቶቿ ብረቱን አገኙ፤ ከብሎን ብሎን፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ እየተንፏቀቁ ጎኑን ዞሩት። ፊቷን ወደ ማረው አዞረች።

«እሷ የሠራችው ነው?»

«የሷ ነው። እኔና ደሴ አደስነው።»

«ጠንክሯል?»

«ጠንክሯል እማየ። ያስኬዳል።» እንዳይዘምምባት ብሎ ካንድ ወገን ደገፈው።

«ተው፣ ልቀቀው» አለች እናኑ።

ለቀቀው። እሷም ሁለት ጣቶቿን ድልድዩ ጫፍ ላይ አቆመች። እንደ ሕፃን እግር እያቀያየረች፣ እየረገጠች፣ ቀስ እያለች አስኬደቻቸው። ከመካከል ሲደርሱ ቆሙ። ጣቶቿ እንደገና ተነሡ፤ አንዱ ሌላውን እየቀደመ፣ ቀሪውን ሄደው ከወዲያ ማዶ ሰሌኑ ላይ ወረዱ። እናኑ እዚያው መዳፏን ዘርግታ አሳረፈችው፤ አላነሣችውም።